የቤቴ ሰርቨር ደብዳቤውን በማን እጅ ይላክ?

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቡናው እስኪፈላ ስልኬን ስከፍት ከቤቴ ሰርቨር የተላከ ኢሜይል አገኘሁ። ሌሊት የሚወሰደው መጠባበቂያ ቅጂ መጠናቀቁን የሚነግረኝ፣ በየቀኑ የሚመጣ፣ ከርዕሱ አልፌ አንብቤው የማላውቅ ደብዳቤ ነው። የዚያን ቀን ግን ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ ከፍቼ ወደ ታች ሳወርደው ቅጂ የተወሰደላቸው ፋይሎች ስም አንድ በአንድ ተዘርዝሮ አየሁ፤ ከመካከላቸውም «የእማዬ የኩላሊት ምርመራ፣ ሁለተኛው ውጤት» የሚል ነበረበት። ክሮን የተባለው ሰዓት ጠባቂ ፕሮግራም የሠራውን ሥራ ውጤት ሙሉውን ገልብጦ የመላክ ልማድ አለው፤ እኔም እንዲልክ ያዘዝኩት ራሴ ነኝ። ፋይሉ ራሱ ከቤት አልወጣም። ስሙ ግን ወጥቶ በነፃ በሚሰጥ የኢሜይል ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ወደ ኋላ ፈልጌ ስመለከትም የሁለት ዓመት ዝርዝር ተከምሮ አገኘሁት። ሰርቨር ቤት ያስገባሁት የቤተሰቤ ወረቀትና ፎቶ በሰው ማሽን ላይ እንዳያድር ብዬ ነበር።

ሰርቨር የምለው ስክሪኑ የተሰበረ አሮጌ ቲንክፓድ ላፕቶፕ ነው። ገርጂ ባለው ቤታችን ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሌት ተቀን ይሠራል፤ ባትሪው ገና ስላልደከመ መብራት ቢጠፋ ሁለት ሰዓት ያህል ይታገሣል። ኔክስትክላውድ የቤተሰቡን ሰነድ ይይዛል፤ ኢሚች ፎቶዎቹን፣ ቮልትዋርደን የሁላችንንም የይለፍ ቃሎች ይጠብቃሉ፤ አፕታይም ኩማ ደግሞ ሌሎቹ በሕይወት መኖራቸውን ይከታተላል። ሁሉም አንድ ቀን አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቀርባሉ፤ የኤስኤምቲፒ (ኢሜይል የሚላክበት ሥርዓት) አድራሻ፣ ፖርት (የግንኙነት በር ቁጥር)፣ የመግቢያ ስም፣ ይለፍ ቃል። አዲስ አፕ ሠርቶ ለማየት የቸኮለ ሰው እዚያ ላይ ቆሞ አያስብም። እኔም አላሰብኩም፤ የግል ኢሜይሌን በአራቱም ላይ ሞላሁና አለፍኩ።

ከፋይሉ ስም በኋላ የባሰው ነገር ታየኝ። አፖቹ ደብዳቤ የሚልኩበት ቃል የኢሜይል አገልግሎቶች ለእንዲህ ያለ ሥራ ነጥለው የሚሰጡት ረጅም ይለፍ ቃል ነው። ተነጥሎ ስለተሰጠ ሥልጣኑም የተነጠለ ይመስላል፤ ነገር ግን በእኔ መለያ ላይ ያ ቃል ለመላክ ብቻ ሳይሆን ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ ለማንበብም ይበቃ ነበር። በአራት የማዋቀሪያ ፋይሎች ውስጥም ሳይሸፈን በግልጽ ተጽፏል። የፎቶ አፑ ላይ አንድ ቀዳዳ ቢገኝ፣ በዚያ የገባ ሰው ከፎቶ አልፎ የባንክ ደብዳቤዎቼን፣ የሌሎቹን አገልግሎቶች ሁሉ የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሊንክ የሚቀበለውንም ሳጥን በእጁ ያስገባል። ለዘበኛ፣ እንግዳ ሲመጣ ደውል ብሎ የመኝታ ቤት ቁልፍ እንደመስጠት ነው።

ደንግጬ የዚያኑ ማታ የመለያዬን ዋና ይለፍ ቃል ቀየርኩ። እርምጃው ትክክል ነበር፤ የሚያስከትለውን ግን አላሰብኩበትም። ዋናው ቃል ሲቀየር ከእሱ የተነጠሉት ቃላትም አብረው ተሰርዘዋል፤ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አራቱም አፖች ምንም ቢጽፉ የሚቀበላቸው አልነበረም። እኔ ደግሞ አዲስ አሠራር «በሚቀጥለው ቅዳሜ» እዘረጋለሁ እያልኩ 11 ሳምንት አለፈ። በእነዚህ ሳምንታት ደብዳቤ አልመጣም፤ ደብዳቤ ባለመምጣቱም ሁሉ ሰላም መስሎኝ ነበር። አንብበውት የማያውቁት ደብዳቤ ሲቀር ከየት ይታወቃል? አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ የሥራ መዝገቡን ስከፍት ከላይ እስከ ታች 535 ይላል፤ በኤስኤምቲፒ ቋንቋ «ስምሽንና ይለፍ ቃልሽን አልተቀበልኩም» ማለት ነው። ከእያንዳንዱ 535 በላይ ሊላክ የነበረው መልእክት አለ፤ የቅጂው ዲስክ ሞልቷል፣ ቅጂ አልተወሰደም። የቤተሰባችን ፎቶ ከኅዳር ወዲህ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነበር።

ነገሩን ቁጭ ብዬ ያሰብኩበት ከዚህ በኋላ ነው። ከማሳወቂያ ደብዳቤ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ሌላ ሰው እንዳያነበው፣ ለእኔ ደግሞ እንዲደርስ። ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ይመስላሉ፤ አይሄዱም። ማንም ሌላ የማያነበው ደብዳቤ ከቤት ያልወጣው ነው፤ ከቤት የማይወጣ ደብዳቤ ግን ቤቱ በጨለመ ጊዜ አይደርስም። እንዳይቀር የምንፈልገውን ደብዳቤ ለታወቀ አድራሽ እንሰጣለን፤ ሰጠነው ማለት ግን በአድራሹ ፊት ከፈትነው ማለት ነው። ኢሜይል ዛሬ በመንገድ ላይ በአብዛኛው ታሽጎ ነው የሚጓዘው፤ እሽጉ ግን ከፖስታ ቤት እስከ ፖስታ ቤት ብቻ ነው፤ በየደረሰበት ይፈታል፣ እንደገና ታሽጎ ይቀጥላል። ስለዚህ የትኛውን አገልግሎት ልምረጥ ከማለቴ በፊት፣ የትኛው ደብዳቤ በማን ፊት ቢከፈት ይከፋኛል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ይህን ጥያቄ የጠየቅኩት ግን ሌላውን ሁሉ ሞክሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ማንም የዘርፉ ሰው እንደሚያደርገው ራሴ መላክ ነበር። ፖስትፊክስ የተባለውን ኢሜይል አድራሽ ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ ጫንኩና ወደ ወንድሜ ሳጥን በቀጥታ ጻፍኩ። ወደ ተቀባዩ ፖርት 25 የተከፈተው ጥሪ መልስ ሳያገኝ ደቂቃዎች ተንጠልጥሎ ቆየና ወደቀ። ለቤት ደንበኛ ፖርት 25ን መዝጋት በብዙ አገር የተለመደ ነው፤ በቫይረስ የተያዙ የቤት ኮምፒውተሮች አይፈለጌ መልእክት ሲረጩ የኖሩት በዚያ በኩል ስለሆነ ቅር አላለኝም። ቢከፈትም ሩቅ አያደርስም። የቤቴ አይፒ አድራሻ ይቀያየራል፤ አይፈለጌ መልእክትን የሚከታተለው ስፓምሃውስም የቤት አድራሻዎችን «ከዚህ በቀጥታ ኢሜይል ሊመጣ አይገባም» በሚል ዝርዝር ያስገባቸዋል። ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 የኤስኤምቲፒን ሰነድ ሲጽፍ፣ ላኪው እኔ እገሌ ነኝ ካለ የሚያምን ሥርዓት ነበር የጻፈው። ያ እምነት ዛሬ የለም፤ ጎግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ማንኛውም ላኪ ቢያንስ በኤስፒኤፍ (በአንድ ዶሜይን፣ ማለትም በአንድ የኢንተርኔት ስም፣ ማን ደብዳቤ መላክ እንደሚችል የሚናገር መዝገብ) ወይም በዲኪም (በደብዳቤው ላይ የሚያርፍ ዲጂታል ፊርማ) ማንነቱን እንዲያሳይ፣ የአይፒ አድራሻውም ወደ ስም የሚመልስ መዝገብ እንዲኖረው ይጠይቃሉ። ለጂሜይል በቀን 5,000ና ከዚያ በላይ የሚልክ ደግሞ ኤስፒኤፍንም ዲኪምንም ከዲማርክ (እነዚህ ሲወድቁ ደብዳቤው ምን ይደረግ የሚል ደንብ) ጋር ማሟላት አለበት። በቀን ስድስት ደብዳቤ የምትጽፍ የገርጂ ላፕቶፕ ትልቁ ደንብ ባይነካትም ትንሹ ይይዛታል።

ውጭ አገር ትንሽ ሰርቨር ተከራይቶ ከዚያ መላክ የሚለውን ሐሳብ ብዙም አልቆየሁበትም። ሰርቨር ከሚያከራዩት ድርጅቶች ጎግል ክላውድ ወደ ውጭ የሚሄደውን ፖርት 25 ይዘጋል፤ ሄትዝነር ለአዲስ ደንበኛ ዘግቶ ቆይቶ በጥያቄ ይከፍታል። ቢከፈትልኝ እንኳ የምጠብቀው ቤት ሁለት ይሆናል፤ አንዱን በቅጡ ሳልጠብቅ።

ሴንድግሪድን፣ ሜይልገንን፣ ፖስትማርክንና አማዞን ኤስኢኤስን የመሳሰሉት ድርጅቶች ደብዳቤ በማድረስ የሚደርስባቸው የለም። ኤስኢኤስ 1,000 ደብዳቤ በ10 የአሜሪካ ሳንቲም ይልካል፤ አዲስ ደንበኛን ለሙከራ በቀን 200 ደብዳቤ፣ ያውም አስቀድመው ወደተረጋገጡ አድራሻዎች ብቻ ይወስነዋል። ሌላው ከዚህ ወሰን ለመውጣት ማመልከቻ ይጽፋል፤ ለእኔ ቤት ግን ወሰኑ ዕድሜ ልክ ይበቃል። ያላማረኝ ሌላ ነው። እነዚህ አገልግሎቶች በመሠረቱ ለሻጭ የተሠሩ ናቸው፤ ሻጭ ደግሞ ደብዳቤው መከፈቱን፣ ሊንኩም መነካቱን ማወቅ ይፈልጋል። ክትትሉ ሲበራ በደብዳቤው ውስጥ ያለው ሊንክ ተቀይሮ መጀመሪያ በእነሱ ዶሜይን በኩል እንዲያልፍ ይደረጋል። ሊንኩ የልብስ ማስታወቂያ ከሆነ ምንም አይደለም። ኔክስትክላውድ የላከው የይለፍ ቃል መቀየሪያ ከሆነ ግን ያ ሊንክ ራሱ ቁልፍ ነው። ማጥፋት ይቻላል፤ ጠፍቶ መቆየቱን ግን ማን እየተመላለሰ ይቆጣጠራል? በ11 ሳምንት ውስጥ አንድ መዝገብ ያልከፈትኩት እኔ?

የቀሩት በክፍያ የኢሜይል ሳጥን የሚሰጡ፣ የራስን ዶሜይን የሚቀበሉ አገልግሎቶች ነበሩ። ፋስትሜይል ለአፕ የሚሰጠውን ይለፍ ቃል ለመላክ ብቻ እንዲሆን መገደብ ያስችላል። ፕሮቶን የተቀመጠውን ደብዳቤ ራሱም እንዳያነበው ቆልፎ ያኖራል። ሚጋዱ ደግሞ የሚያስከፍለው በሳጥን ብዛት ሳይሆን በሚላከውና በሚመጣው መልእክት መጠን ነው፤ ለእያንዳንዱ ሳጥንም መላክ፣ መቀበል፣ በአይማፕ ማንበብ የሚሉትን ሥልጣኖች ለየብቻ መስጠትም መንፈግም ይቻላል። እኔን የሳበኝ ይህ የመጨረሻው ነው። መጻፍ እንጂ ማንበብ የማይችል ሳጥን ፈጠርኩ፤ ቃሉ ቢሰረቅ ሰራቂው በስሜ የውሸት ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል፣ የእኔን ግን አያነብም።

እዚህ ላይ ገንዘብ ሳይነሣ አይታለፍም። ክፍያው በዶላር ነው፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ደግሞ የእኔ ሳይሆን ቨርጂኒያ ያለው የታላቅ ወንድሜ ነው። ጁላይ 2024 መጨረሻ ላይ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ዶሜይኑም ሳጥኑም ለእኔ በእጥፍ ተወደዱ። ከዚህ የባሰው ግን የካርዱ ቀን ማለፍ ነው። የወንድሜ ካርድ ተቀይሮ ክፍያው ቢቋረጥ ዶሜይኑ ይወድቃል፣ ዶሜይኑ ሲወድቅ ደብዳቤው ሁሉ ይወድቃል፣ ይህንን የሚያስጠነቅቀው ደብዳቤ ደግሞ የሚመጣው እዚያው ዶሜይን ላይ ነው። ስለዚህ የዶሜይን መዝጋቢው ጋር ያስመዘገብኩት አድራሻ የወንድሜ ነው። አንዳንድ ጊዜ ከየትኛውም ቅንብር ይልቅ የሚጨቀጭቅ ወንድም ይሻላል።

አገልግሎቱ ከተመረጠ በኋላ ነው ወደ ደብዳቤዎቹ የተመለስኩት። የአንድ ወር ማሳወቂያ ሁሉ ሰብስቤ አነበብኩ። አብዛኛው ከቤት መውጣት የሌለበት ነው፤ የክሮን ውጤት፣ የፋይል ስም፣ ማን የትኛውን አልበም እንዳጋራ። ይህን አንድ ቀን ዘግይቼ ባነበው የሚጎድልብኝ የለም። ጥቂቱ ቁልፍ ያዘለ ነው፤ የይለፍ ቃል መቀየሪያ፣ ከአዲስ መሣሪያ የተደረገ መግቢያ። ይህ መውጣት አለበት፣ ቶሎም መድረስ አለበት። በመጨረሻ ደግሞ በዚያ ወር ያልነበረ፣ ምናልባት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ የሚመጣ አንድ ደብዳቤ አለ።

ቮልትዋርደን የአደጋ ጊዜ መዳረሻ የሚባል ነገር አለው። እኔ አንድ ነገር ብሆን ወንድሜ የይለፍ ቃሎቼን ማግኘት እንዲችል አድርጌዋለሁ። እሱ ጥያቄ ሲያቀርብ ለእኔ ኢሜይል ይመጣል፤ ደኅና ከሆንኩ እከለክላለሁ። በወሰንኩት ጊዜ፣ በእኔ 7 ቀን፣ ካልከለከልኩ ግን ይከፈትለታል። ይህን ሳስበው በ535 የተሞላው መዝገብ ታወሰኝ። በእነዚያ 11 ሳምንታት የወንድሜን መለያ የሰረቀ ሰው ጥያቄውን ቢያቀርብ ኖሮ፣ ደብዳቤው ሳይደርሰኝ 7 ቀን አልፎ የእኔ ቃሎች በሙሉ ይከፈቱለት ነበር። ቀዳዳም ሳይፈልግ፣ የእኔን ቃልም ሳይገምት፣ እኔ ራሴ በሠራሁት ሕግ። በዚህ ደብዳቤ ላይ ሚጋዱ ርዕሱን ቢያይ ባያይ ግድ የለኝም፤ መድረስ ብቻ ነው ያለበት።

ስለዚህ ቅንብሩ እንዲህ ሆነ። አፖቹ አንዳቸውም የውጭ ይለፍ ቃል አያውቁም። ሁሉም ደብዳቤያቸውን እዚያው ላፕቶፕ ላይ ላለው ፖስትፊክስ ይሰጣሉ፤ ቃሉ ያለው በእሱ ዘንድ፣ በአንድ ፋይል ብቻ ነው። ፖስትፊክስ ተቀባዩን አይቶ ይለያል። የቤት ውስጥ አድራሻ ከሆነ እዚያው ላፕቶፑ ላይ ባለ ሳጥን ያስቀምጠዋል፤ ይህን ሳጥን የማነበው ማታ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ስገናኝ ብቻ ነው። የቀረውን በፖርት 465 ወደ ሚጋዱ ያሻግራል። የክሮኑ የፋይል ዝርዝር አሁን ከሳሎን አይወጣም።

ሌላ ያልጠበቅኩት ጥቅምም አለው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፣ ራውተሩ ግን ወዲያው ይጠፋል፤ አፖቹ በዚያ ሰዓት የሚጽፉት ደብዳቤ መሄጃ የለውም። ከአፖቼ አብዛኞቹ አንዴ ሞክረው ካልሆነላቸው ስሕተቱን መዝግበው ይረሱታል። ፖስትፊክስ አይረሳም፤ በወረፋ ይዞ በየጊዜው እየሞከረ፣ ሌላ ካልታዘዘ 5 ቀን ይታገሣል። በ5ኛው ቀን ተስፋ ሲቆርጥ አልሄደም የሚለውን ወረቀት በቤት ውስጥ ሳጥኔ እንዲጥል አድርጌዋለሁ። የወንድሜ ጥያቄ የሚቆየው 7 ቀን ነው፤ ደብዳቤው ቢቀር እንኳ ሁለት ቀን ይተርፈኛል ማለት ነው። ቁጥሮቹ የተገጣጠሙት በአጋጣሚ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሁለቱንም እንዳልነካ ወረቀት ላይ ጽፌ ላፕቶፑ ላይ ለጥፌያለሁ።

የዶሜይኑን መዝገብ ሳስተካክል ራሴን አሳፈርኩ። ዶሜይኑ ከቀድሞ ሙከራዬ የቀረ ኤስፒኤፍ ነበረው፤ እኔ እሱን ሳላይ አዲሱን ከጎኑ ጨመርኩ። ሁለት ፈቃድ ከአንድ ይሻላል ብሎ ማሰብ የሰው ነው፤ በደንቡ ግን አንድ ዶሜይን ሁለት ኤስፒኤፍ ካለው ነገሩ ቋሚ ስሕተት ተብሎ ይቆጠራል፤ አንዱም አይሠራም። የነገረኝ ዲማርክ ነው። ተቀባይ ድርጅቶች «በስምሽ ይህን ያህል ደብዳቤ መጥቶ እንዲህ ሆነ» ብለው የተጨመቀ የኤክስኤምኤል ዘገባ ይልካሉ፤ ለሰው ዓይን የተጻፈ አይደለም፣ ግን በሁለተኛው ቀን ዘገባ በኤስፒኤፍ ረድፍ ላይ ቋሚ ስሕተት የሚለው ቃል አምስት ጊዜ ተደጋግሞ አገኘሁት። ደብዳቤዎቹ ግን ደርሰው ነበር፤ ዲኪሙ ብቻውን ተሸክሟቸዋል።

ዝምታው ብቻ ቀረ። ቤቱ ጨርሶ ቢጠፋ፣ መጥፋቱን የሚጽፈው ቤቱ ሊሆን አይችልም። ለዚህ ሄልዝቼክስ የተባለውን የክትትል አገልግሎት ያዝኩ፤ አሠራሩ የተገላቢጦሽ ነው። ላፕቶፑ በየሰዓቱ አንድ አድራሻ ነክቶ ያልፋል፣ ሳይነካ ከቀረ እነሱ ይጽፉልኛል። በነፃ 20 ክትትል ይሰጣሉ፤ እኔ 4 ይበቃኛል። ስለቤቴ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሕይወት አለ ወይም የለም። አንዱ ክትትል የሰርተፊኬቱ፣ ማለትም ከአፖቹ ጋር የምገናኝበት መስመር ታሽጎ እንዲሄድ የሚያደርገው የምስክር ወረቀት ነው። ሰርተፊኬቱን የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት ጊዜው ሊያልቅ ሲል ይልክ የነበረውን ማስጠንቀቂያ ከጁን 4 ቀን 2025 ጀምሮ አቁሟል፤ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱም ለዚያ ሲባል የሚሊዮኖችን ኢሜይል አድራሻ ይዞ መቆየት ለምስጢራቸው ጥሩ አለመሆኑ ነው። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። አሁን እነሱም እኔ የቆጠርኩትን ሂሳብ የቆጠሩ ይመስለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በቨርጂኒያ ገና ከቀትር በኋላ፣ ለወንድሜ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ቮልትዋርደን ውስጥ ግባና የአደጋ ጊዜ የሚለውን ንካው።»

«ምን ሆንሽ? እማዬ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት፤ ሙከራ ነው። ንካው ብቻ።»

ነካው። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ደብዳቤው አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መጣ፤ የወንድሜ አድራሻ፣ የጠየቀው ነገር፣ የ7 ቀኑ ገደብ ሁሉ ተጽፎበታል። ገብቼ ከለከልኩት፤ ወዲያው መከልከሉን የሚነግር ደብዳቤ እሱ ጋ ደረሰ፤ በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት። እማዬ ከሳሎን ሆና ማንን እንደከለከልኩ ጠየቀችኝ። ጋሼን ነው አልኳት። «እሰይ፣ ገንዘብ ሊጠይቅሽ ነበር?» አለችና ወደ ዜናዋ ተመለሰች።